ቅቤ ያቀለጠው ራዲዮ

አቶ ጠና ሞተው የተገኙት ደህና እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሰው ነው። ጫማቸው ከአልጋው ሥር ተሰልፏል፤ ካፖርታቸው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጋቢያቸው እስከ አገጫቸው ተስቧል። ቁርሳቸውን ይዛ የመጣችው ወይዘሮ ትርፊት ከበሩ ሆና ደጋግማ ተጣራች። መልስ ማጣቷ አላስደነገጣትም። አቶ ጠና ከሞተር ጩኸት ጋር ያረጁ ሰው ነበሩና ጆሯቸው ከከበደ ቆይቷል፤ አንዴ ከተኙ እግራቸውን ይዞ ካልነቀነቁ በቀር አይነቁም። ዕቃዋን አስቀምጣ በጋቢው ላይ እግራቸውን ያዘች። እንደ ጉቶ ደርቆ ጠበቃት።

የናፍጣ ጭስ ሽታ የመጣባት ያን ጊዜ ነው። ራሷን አዞራት። ግድግዳውን እየዳበሰች ወጥታ እርጥቡ ሣር ላይ ዘፍ አለች። ጉሙ ተራራውን ውጦታል፤ ከአንጋጫ በላይ የቆመው የማይክሮዌቭ ምሰሶ እንኳ ከወገቡ በላይ አይታይም። በዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ልጇን ጠራች።

«ዋለ። ዋለ፣ ና እስቲ።»

ዋለ የስልክ ማስተላለፊያ ጣቢያው ጥበቃ ነው። ከግቢው በር አጠገብ ካለችው የቆርቆሮ ማማው እየሮጠ መጣ፤ ገብቶ አየ፤ ሆሳዕና ስልክ ቤት ደወለ። ስልኩን የያዘው እጁ ሲንቀጠቀጥ ትርፊት አየች። ይህን መንቀጥቀጥ ሌላ ሰው ቢያየው ምን ይል ይሆን ስትል አሰበች። ከሬሳው ይበልጥ የፈራችው ይህንን ነው።

የምትፈራበት ምክንያት ነበራት። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲመለምል የዋለን ስም ጠርቷል። የጣቢያው ኃላፊ «ይህ ልጅ ለሥራዬ ያስፈልገኛል» ካሉ ይቀራል፤ ካላሉ ይሄዳል። ኃላፊው አቶ ጠና ነገሩን ዛሬ ነገ ሲሉት የዋለ ትዕግሥት አለቀና በገበያ መካከል «እኔን ለጥይት ሰጥተው እርስዎ እንዴት እንደሚተኙ አያለሁ» አላቸው። አንጋጫ ሁሉ ሰምቷል። አሁን ደግሞ ሰውየው ተኝተው ቀሩ።

ጉሙ ሳይነሣ ላንድሮቨሩ እያቃሰተ ወጣ። መጀመሪያ የወረደው ጓድ አሳምነው ነው፤ የአውራጃው ካድሬ፣ ቁመቱ ረዥም፣ ቦት ጫማው የሚያብረቀርቅ። ከኋላው ኢንጂነር ሰይፈሥላሴ ወረደ፤ አዲሱን ዲጂታል ራዲዮ ሊተክል ከአዲስ አበባ የመጣና ሆሳዕና የከረመ፣ ንግግሩ የታረመ ሰው። ቀጥላ የስልክ ኦፕሬተሯ ጵርስቅላ በነጠላዋ ተጀቡና ወረደች። በመጨረሻ፣ ኮቱ የሰፋው አጭር ሰው በዝግታ እግሩን መሬት አስነካ። የፖሊስ ምርመራ ሹሙ ሻምበል ወልደሰንበት ነው። የአቶ ጠና ረዳት ዳኘ ከአንጋጫ በእግሩ ደርሶ በሩ ላይ ይጠብቃቸው ነበር።

ሻምበሉ ማንንም ሳያናግር ገባ። ትርፊት በተከፈተው በር አየችው። በእጁ ጀርባ የሟቹን ግንባር ነካ፤ ግድግዳውን ነካ፤ የራዲዮውን ሳጥን ነካ፤ ወደ ሞተሩ ክፍል የሚያስገባውን የውስጥ በር ነካ። እናት የልጇን ትኩሳት እንደምትለካው ነው የሚነካው። ከዚያ ቀና ብሎ በውጭው ግድግዳ ላይ ያለውን የአየር ቀዳዳ አየ። ቀዳዳው ቃጫ በተጠቀጠቀበት ጆንያ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

«ይህን ማን ወተፈው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዋለ።

ትርፊት ዓይኗን ጨፈነች። ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲጠይቁት ወዲያው ነው የሚመልሰው።

«ማን አዘዘህ?»

«እሳቸው። ማታ ማታ ሞተሩን አስነሥተው ባትሪውን ይሞላሉ። ሞልተው ሲያጠፉ፣ ጭሱ እስኪወጣ ይጠብቁና ‹ድፈነው› ይሉኛል። ለብርዱ ነው። ጠዋት ሳልነቅለው ሞተር አይነሣም። የሞተሩ ጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው፣ ተሰንጥቆ ጭሱ በውስጥ በር ሥር ይገባል። አዲስ እንዲላክ ጠይቀው አልመጣም።»

«እንግዲያ ጭሱ ከየት መጣ?»

«ሌሊት ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህስ?»

«እሳቸው ያስነሡት መሰለኝ። እሳቸው ካስነሡት ጆንያውን ከውስጥ ገፍተው ይጥሉታል ብዬ...» ዋለ ወደ ጆንያው ቀና አለ። «ባትሪው ሲሞላ በራሱ ጠፋ።»

ጓድ አሳምነው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ፊቱ ላይ አልደረሰም። «ሞተሩ ሌሊት ይነሣል? ዳኘ፣ አንተ እዚህ ከሠራህ ጀምሮ ሌሊት ተነሥቶ ያውቃል?»

ዳኘ ቆቡን በእጁ አሽከረከረ። «ባትሪው ሲደክም በራሱ እንዲነሣ ተደርጎ ነው የተተከለ፣ ጓድ። ግን ማታ የሞላ ባትሪ እስኪነጋ ይበቃል። ሌሊት ሲነሣ አልሰማሁም።»

«በቃ፤ ቀዳዳውን ደፈነ፤ ሞተሩን ራሱ አስነሣ። ለእናት አገር ጥሪ እምቢ ያለ ሰው የመገናኛ ጣቢያ ኃላፊ ገደለ ማለት ነው። ይህ ተራ ወንጀል አይደለም፤ አሻጥር ነው። ቁልቁለቱ በጉም ያሰጋል፤ ጉሙ ሲነሣ ይዤው እወርዳለሁ፤ ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ ያልፋል።»

አሻጥር ምን እንደሚያስከትል ትርፊት አላጣችውም። በመሠረተ ትምህርት ማታ ማታ ፊደል ስትቆጥር፣ በቀበሌው ግድግዳ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ያነበበችው ስለ አሻጥረኛ ነበር። አንብባ ስትጨርስ ደስታዋ ወዲያው ጠፍቶባታል። አሁን የልጇን እጅ ከምሰሶው እግር ጋር በገመድ ሲያስሩት፣ ያ ጽሑፍ ከነቀለሙ ዓይኗ ላይ መጣ።

«ጉሙ እስኪነሣ ግን ልጁ የኔ ነው» አለ ሻምበል ወልደሰንበት ረጋ ብሎ። «ጓድ አሳምነው፣ ይፈቀድልኛል?»

«እስኪነሣ።»

ትርፊት ቀና ብላ ጉሙን አየች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ እንዳትወጣ ጸለየች።

ሻምበሉ መጀመሪያ ያነጋገረው ኢንጂነሩን ነው። ሳጥኑ አጠገብ ቆመው ሲያወሩ ትርፊት ከበሩ ሥር ተቀምጣ ትሰማለች፤ ማንም ተነሺ አላላትም።

«ይህ ሳጥን ሥራው ምንድን ነው፣ ኢንጂነር?»

«ከሆሳዕና የመጣውን ንግግር ተቀብሎ ወደ ዱራሜ ያሻግራል። ማስተላለፊያ ነው። ንግግሩን ወደ ቁጥር ለውጦ ሞገድ ላይ ይጭነዋል።»

«አጫጫኑ አንድ ዓይነት ነው?»

«ሁለት ነው። ባለ አራት አለ፤ ባለ አሥራ ስድስት አለ። በባለ አራቱ ሞገዱ ጉልበቱን ሳይለውጥ አቅጣጫውን ብቻ እየቀያየረ ከአራት ምልክት አንዱን ይናገራል። በባለ አሥራ ስድስቱ ጉልበቱም ይለዋወጣል፤ ትልቅ፣ ትንሽ፣ መካከለኛ። ስለዚህ በዚያው መንገድ እጥፍ ሰው ያወራል። አገሪቱ ይህን መሣሪያ የገዛችው ለዚህ ነው።»

«ከባትሪው የሚበላውስ?»

ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። «ያው ነው ቢባል ይቻላል። የሻማ ያህል ልዩነት ነው። ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ተረካቢ ኮሚሽንም ያስረዳሁት ይህንኑ ነው።»

«ኮሚሽኑ መቼ ይመጣል?»

«በቅርቡ። ሊረከቡት።»

«አቶ ጠናስ እንደ እርስዎ ነበር የሚያምኑት?»

«ሽማግሌ ነበሩ፣ ነፍስ ይማር። አዲስ ነገር አይወዱም።»

«ትናንት ማታ በየትኛው ነበር የሚሠራው?»

«በባለ አራት። ሽፋኑን ከፍተው ይዩት፤ አሁንም በዚያው ነው።»

ሻምበሉ አየው፤ እንደተባለው ነው። አመሰገነና ከሳጥኑ ኋላ ጎንበስ አለ። ከዚያ በጣቱ ምልክት ትርፊትን ጠራት።

«ወይዘሮ ትርፊት፣ እስቲ ይህን እዪልኝ።»

በሳጥኑ ጀርባ፣ ከላይ እስከ ወለሉ፣ ቢጫ መስመር ወርዶ ረግቷል። ወለሉ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ጠጥሯል። ሳጥኑ አናት ላይ የኮባ ቅጠል ተጨማድዶ ተጣብቋል።

«ቅቤ ነው» አለች።

ከውጭ የጓድ አሳምነው ድምፅ መጣ። «ሻምበል፣ ገበያ ነው የወጣነው?»

«ዋጋ እየጠየቅሁ ነው፣ ጓድ» አለ ሻምበሉ ዞር ሳይል። «የማን ቅቤ ነው፣ እናቴ?»

«የኔ ላም ቅቤ ነው። ለአቶ ጠና አመጣላቸው ነበር። የዚህ ተራራ ብርድ ቅቤን ድንጋይ ያደርጋል። እሳቸው በኮባ ጠቅልለው ሳጥኑ ላይ ያሳድሩታል፤ ጠዋት ለቡላቸው ለስልሶ ያገኙታል።»

«ቀልጦ ያውቃል?»

ትርፊት አፏን ከፍታ ተወችው። የቱ መልስ ነው ልጄን የሚያድነው? ሁልጊዜ ይቀልጣል ብትል ሰውየው ይህን ትቶ ወደ ሌላ ያልፍ ይሆናል። አይቀልጥም ብትል አዲስ ነገር ይመጣል፤ አዲስ ነገር ደግሞ በማን ላይ እንደሚወድቅ አይታወቅም። በበሩ በኩል ዋለን አየችው። ሲጠየቅ እውነቱን የተናገረው ልጇ ታስሯል።

«ይለሰልሳል እንጂ ቀልጦ አያውቅም» አለች። «አንድ ቀን እንኳ። ቢቀልጥማ እንዲህ ወደ ሽቦው ይወርድ የለ? እሳቸው ሽቦአቸው ላይ ዝንብ ስታርፍ የሚቆጡ ሰው ናቸው።»

ሻምበሉ የእጁን ጀርባ እንደገና ሳጥኑ ላይ አሳረፈ። «አሁን ለብ ያለ ነው» አለ ለራሱ። ከዚያ ወጣ።

ጵርስቅላ ላንድሮቨሩ ውስጥ ተኮራምታ ነበር ያገኛት።

«እኅቴ፣ ሌሊት ተረኛዋ አንቺ ነበርሽ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«መስመሩ አደረ?»

«አድሯል። የዱራሜ ሆስፒታል ሲደውል ነበር፤ አልተቋረጠም። ሁለቴ ብቻ ቁርጥ ብሎ ተመልሷል። አንዴ ማታ፣ አቶ ጠና እየተናገሩ ሳለ። አንዴ ዛሬ ጠዋት፣ ዋለ ከመደወሉ ትንሽ ቀደም ብሎ።»

«በመካከሉስ?»

«በመካከሉ ሲንጣጣ አደረ፤ እንደ ፈንዲሻ። ለኢንጂነሩ ስነግራቸው ጉሙ ነው አሉኝ።»

«አቶ ጠና ማታ ከማን ጋር ነበር የሚያወሩት?»

ጵርስቅላ ዓይኗ ወደ ጓድ አሳምነው ሄዶ ተመለሰ።  ሻምበሉ ይህን አይቶ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

«ሲቆረጥ መልሰሽ አላገናኘሻቸውም?»

«ደወልኩላቸው። ‹አልጋዬ ውስጥ ነኝ፣ የቀረውን ነገ እጨርስለታለሁ› አሉኝ። እሳቸው ስልክ ላይ ሲጮሁ ጆሮ ያደነቁራሉ።» ከንፈሯን ነከሰች። «ነገ አሉ።»

ጉሙ መሳሳት ጀመረ። መጀመሪያ የምሰሶው ጫፍ ታየ፤ ቀጥሎ ከታች የአንጋጫ ቆርቆሮ ጣሪያዎች። ጓድ አሳምነው ሰዓቱን ሳይሆን ሰማዩን ነበር የሚያየው። ትርፊት ለዋለ በጣሳ ውኃ ስታጠጣው ጥርሱ ከጣሳው ጋር ይንቀጫቀጫል።

«እማዬ፣ ጆንያውን ብነቅለው ኖሮ...»

«ዝም በል። ጠጣ።»

«ሞተሩን ስሰማ ብነሣ ኖሮ...»

«ጠጣ አልኩህ።»

«ሁላችሁም ግቡ» አለ ሻምበል ወልደሰንበት ከበሩ ላይ። «ልጁንም ፍቱና አስገቡት። ከዚህ ወዲያ ጊዜ አላባክንም፣ ጓድ።»

ሬሳው በጋቢ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ነው። ስድስት ሰው በዚያች ክፍል ውስጥ በግድግዳው ዙሪያ ቆመ፤ ሻምበሉ መካከል። ከትርፊት የቁርስ ዕቃ ቅቤ ተቀብሎ፣ ከነኮባው ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው።

«ዳኘ፣ ሽፋኑን ክፈትና ወደ ባለ አሥራ ስድስት አዙርልኝ።»

«መስመሩ ይቆረጣል፣ ሻምበል። የሆሳዕናው ካልተቀየረ አይስማሙም። አንዱ በአራት፣ አንዱ በአሥራ ስድስት ከሆነ አይግባቡም።»

«ይቆረጥ።»

ዳኘ አዞረ። ሳጥኑ ላይ ያለው፣ ከባትሪው የሚሳበውን የሚለካው መርፌ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ወደ ላይ ወጣ፤ እዚያው ቆመ። 

«ሻማ የሚያክል ነው የተባለው ይሄ ነው» አለ ሻምበሉ። «መርፌው ከነበረበት እጥፍ ወጥቷል። እኔ ፖሊስ ከመሆኔ በፊት በጦር ሠራዊት መገናኛ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ለማታውቁት ልንገራችሁ። የቀበሌውን ሞንታርቦ ታውቁታላችሁ። እስከ ጣሪያው ከፍተው ሲጮሁበት ቃሉ ይሰማል፤ ግን ጩኸቱም ሹክሹክታውም አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ባለ አራቱ ይህ አይጎዳውም፤ ጉልበቱን አይለዋውጥምና። በሳጥኑ ውስጥ ሞገዱን የሚያጎላው ማጉያ እስከ ጣሪያው ይሠራል፤ ከባትሪው የወሰደውን አብዛኛውን ሞገድ አድርጎ ይልካል። ባለ አሥራ ስድስቱ ግን ትልቁና ትንሹ መለየት አለበት። ለዚህ ማጉያውን ከጣሪያው በጣም ዝቅ አድርጎ ማሠራት ያስፈልጋል፤ እንዳይዛባም ብዙ ኤሌክትሪክ ሳያቋርጥ ይፈስበታል። የሚልከው ያነሰ፣ የሚበላው የበዛ። የተረፈው የት ይሄዳል?»

«ሙቀት ይሆናል» አለ ዳኘ በዝግታ።

«ሙቀት። ከጠዋት ጀምሮ ራሴን የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነው። ይህ ጆንያ ለዓመታት ያልገደላቸው ትናንት ለምን ገደላቸው? ልጁ ሞተሩ ሌሊት ተነሣ አለ። ጓድ አሳምነው ውሸት ነው አሉ፤ የሞላ ባትሪ እስኪነጋ ይበቃልና። ሁለቱም እውነት ሊሆን የሚችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ትናንት ሌሊት አንድ ነገር ባትሪውን ከወትሮው አብልጦ በልቶታል። ከዚያ ቅቤውን አየሁ። ይህ ሳጥን በባለ አራቱ ቅቤ ያለሰልሳል እንጂ አያቀልጥም። ትናንት ሌሊት አቅልጧል። ስለዚህ ሌሊቱን ያደረው በባለ አሥራ ስድስት ነው። ባትሪው ደከመ፤ ሞተሩ በራሱ ተነሣ፤ ጭሱ በበሩ ሥር ገባ፤ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ጆሮአቸው የከበደ ሽማግሌ ተኝተዋል። ባትሪው ሲሞላ ሞተሩ ጠፋ። ጠዋት ስንመጣ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር።»

«ዋለ ሊያዞረው ይችል ነበር» አለ ጓድ አሳምነው። «ዳኘም ይችላል። አሁን በእጁ አዞረው።»

«አዞረው፤ መስመሩም ሞተ። ዛሬ ይህን ስልክ አንሡ፤ ድምፅ የለውም። ሌሊት ግን መስመሩ አልሞተም፤ ዱራሜ ሲያወራ አደረ። ይንጣጣ ነበር እንጂ፤ ትልቅና ትንሽ የሚለይ አጫጫን በጉም ውስጥ ቶሎ ይረበሻልና። ስለዚህ የዚህኛውም የሆሳዕናውም ጫፍ አብረው ተቀይረዋል። እዚህ ሆኖ ይህን ማድረግ አይቻልም። ከየት ይቻላል፣ ዳኘ?»

«ከሆሳዕና። እዚያ ሲቀየር ትእዛዙ በሞገዱ ይመጣና የዚህኛው ይከተላል። ለአፍታ ቁርጥ ይላል፤ ከዚያ ይመለሳል።»

«ማታ ቁርጥ አለ፤ ተመለሰ። ጠዋት ቁርጥ አለ፤ ተመለሰ። ጵርስቅላ፣ የሆሳዕናው መሣሪያ ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

ልጅቷ በጣም በቀስታ ተናገረች። «ኢንጂነሩ ጋ ብቻ ነው። ማታ እዚያው ነበሩ። ጠዋትም ገና ሳይነጋ መጡ።»

ትርፊት ኢንጂነሩን አየችው። ፊቱ አልተለወጠም። እጁን ግን ኪሱ ውስጥ ከቶ የሆነ ነገር ጨብጧል።

«ሙከራ ነበር» አለ። «ሙከራ ማድረግ ሥራዬ ነው። ሰው ተኝቶ ቀዳዳ ይደፍናል ብዬ በምን አውቃለሁ?»

«ወይዘሮ ትርፊት፣ ኢንጂነሩ እዚህ አድረው ያውቃሉ?»

«መሣሪያው የተተከለ ሰሞን አድረዋል። እራት የሠራሁላቸው እኔ ነኝ።» ድምፅዋ እየጠነከረ መጣ። «ብርድ ገደለኝ ሲሉ አቶ ጠና ጆንያውን አሳይተው አሳቋቸው። ‹ማታ ይህች ሚስቴ ናት፤ ጠዋት ሞተር ከመነሣቱ በፊት ግን እፈታታለሁ፣ አለዚያ ታንቀኛለች› አሏቸው። ኢንጂነሩም ስቀው ነበር።»

ሻምበሉ ወደ ኢንጂነሩ ተጠጋ። ከጠዋት ጀምሮ ሲያከብረው የነበረው አነጋገር ከአፉ ጠፋ።

«ሙከራ ነው ብለህ ለምን ጠዋት አልነገርከኝም? በባለ አራት አደረ አልከኝ። ይህ ልጅ ሞተሩ ሌሊት ተነሣ ሲል፣ እዚህ ካለነው ሁሉ እውነቱን መናገሩን የምታውቅ አንተ ብቻ ነበርክ። እንደ ውሸታም ሲታሰር አየህ፤ ዝም አልክ። መሣሪያው ብዙ አይበላም ስትል ከረምክ፤ መብላቱን ግን ሰው እስከ መግደል ድረስ ታምንበት ነበር።»

ሳጥኑ ላይ ያለው ቅቤ ከኮባው ጠርዝ ቀስ ብሎ ዘንበል አለ። አንድ ቢጫ ጠብታ ተንጠለጠለች፤ ወረደች። ሁሉም አያት። ኢንጂነሩም አያት፤ ትከሻው ያን ጊዜ ወረደ።

«ሽማግሌው ለኮሚሽኑ ሊነግሩት ነበር» አለ። «በመሣሪያ ክፍሉ ማዳመጫ ሰማሁ። ባለ አሥራ ስድስቱ ይህን ተራራ አይችለውም፣ ናፍጣው አይበቃም ሊሉ ነበር። የለካሁት እኔ ነኝ፤ ተሳሳትኩ። ከዚያ ተሳስቻለሁ ማለት የማይቻልበት ቦታ ደረስኩ።» ወደ ጓድ አሳምነው ዞረ። «እዚህ አገር ለስህተት የሚሆን ቅጣት የለም፣ ጓድ። ያለው ለአሻጥር የሚሆን ነው። እርስዎ ያውቁታል።»

ጓድ አሳምነው ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«አንድ ነገር ቀርቶኛል» አለ ሻምበል ወልደሰንበት። «ማታ አቶ ጠና የሚነጋገሩት ከእርስዎ ጋር ነበር፣ ጓድ አሳምነው። መስመሩ ሲቆረጥ ምን እያሉ ነበር?»

 ጉሙ ሙሉ በሙሉ ተገፏል፤ ፀሐይ በበሩ ገብታ የሟቹን ጫማ አገኘች።

«ኮሚሽኑ ሲመጣ ስለ አዲሱ ራዲዮ እናገራለሁ ሲሉ ነው የተቆረጠው» አለ ካድሬው በመጨረሻ።

«ከዚያ በፊትስ?»

«ስለ ልጁ ነበር።»

«ምን አሉ? እናቱ እዚህ ናት፤ ትስማ።»

«ልጁ ያስፈልገኛል አሉ። እሱን ከወሰዳችሁ ጣቢያውን ዝጉት አሉ።»

ትርፊት ቃሉ ወዲያው አልገባትም። ሲገባት ግድግዳውን ያዘች። ይህ ሰው ማታ ይህን ሰምቶ፣ ጠዋት መጥቶ፣ ሟቹ ለልጇ መቆማቸውን እያወቀ አሳሰረው። አቶ ጠና ደግሞ አልጋቸው ውስጥ ሆነው፣ እየጮሁ፣ ለልጇ ሲማለዱ ነበር ያመሹት። እሷ ጠዋት ያን እግር ከለቀቀች በኋላ ያሰበችው ስለ ልጇ እጅ ብቻ ነበር።

«ሁላችን ሰምተናል» አለ ሻምበሉ። «የሟች ቃል ነው፤ ይጸናል ብዬ አምናለሁ።»

«ለዘንድሮ» አለ ጓድ አሳምነው። ቆቡን አደረገ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ ዋለን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ለሚቀጥለው አዲሱ ኃላፊ ይናገራል።»

ኢንጂነሩን መካከል አስቀምጠው ሬሳውን ከኋላ ጭነው ወረዱ። ዳኘ መሣሪያውን ወደ ባለ አራቱ መለሰው፤ ስልኩ ነፍስ ዘራ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከዱራሜ በኩል ተመልሶ መጣ፤ ብርዱም አብሮት። ዳኘ ጆንያውን ነቅሎ ሣሩ ላይ ጣለ፤ ሞተሩን አስነሥቶ ባትሪውን ሞላ፤ አጠፋ፤ ጭሱ እስኪወጣ ሦስቱም ውጭ ቆመው ጠበቁ። ዛሬ አዳሪው ዳኘ ነው፤ በበሩ በኩል የሟቹን አልጋ አየት አድርጎ ትከሻውን ሰበቀ።

ዋለ እንደ ልማዱ ጆንያውን ከሣሩ ላይ አንሥቶ ወደ ቀዳዳው ሄደ። እጁን ከማንሣቱ በፊት ትርፊት ከኋላው ደርሳ ያዘችው።

«እማዬ፣ ሰውየው ይበርደዋል።»

«ዛሬ ብርዱ ይግባ» አለች። ጆንያውን ከእጁ ወሰደችና በደረቷ አቅፋው፣ ቀዳዳው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች።